18 ሆል በእግር ለሚጫወት ቀላልና ምቹ የጎልፍ ጫማ፦ ምን ልምረጥ?

በእግሬ_18

ሰላም ለሁላችሁ። 18 ሆል፣ ማለትም ሙሉውን የጎልፍ ዙር፣ የምጫወተው በእግሬ ነው፤ ቦርሳዬን በባለ ሦስት ጎማ ጋሪ እገፋለሁ። ጫማዬ የድሮው ዓይነት ወፍራም ቆዳ ሲሆን የሚፈታ ታኬታ አለው። እስከ 11ኛው ወይም 12ኛው ሆል ድረስ ምንም አይለኝም። ከዚያ በኋላ ግን ከጣቶቼ ሥር ያለው የውስጥ እግሬ ማቃጠል ይጀምራል፣ የቀኝ ተረከዜ ውሃ ይቋጥራል፣ ቁልቁለት ስወርድም አውራ ጣቴ ከጫማው አፍንጫ ጋር ይጋጫል።

ስለዚህ ቀለል ያለ ጫማ መግዛት አስቤያለሁ፤ ምርጫው ግን አደናገረኝ። አንዱ «ታኬታ የሌለው ግዛ» ይላል፣ ሌላው «ውሃ የሚያስገባ ከሆነ አትንካው» ይላል፣ የሩጫ ጫማ ይበቃል የሚልም አለ። ማወቅ የምፈልገው ይህን ነው፦ «ቀላል» የሚባለው ስንት ግራም ሲሆን ነው? ታኬታ ያለው ይሻላል ወይስ የሌለው? ውሃ የማያስገባ መሆኑ ግድ ነው? ቁጥሩንስ እንዴት ልለካ? አብዛኛውን ጊዜ የምጫወተው በጠዋት፣ ሣሩ ጤዛ እንዳለበት ነው። ሜዳው አቀበትና ቁልቁለት ይበዛዋል።

ሚዛን_አይዋሽም

ወንድሜ፣ ከክብደቱ ልጀምር።

18 ሆል በእግር ሲኬድ ከ8 እስከ 11 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የውጤት ካርዱ ላይ የተጻፈው ርቀት ከዚህ ያነሰ ነው፤ ከግሪን (ጉድጓዱ ካለበት አጭር ሣር) ወደሚቀጥለው ቲ (መነሻ ቦታ) የሚኬደውን፣ ኳስ ፍለጋ ራፍ (ረጅሙ ሣር) ውስጥ የሚዞረውን፣ ግሪን ላይ መስመር ለማየት ወዲያ ወዲህ የሚባለውን አይቆጥርም። 10 ኪሎ ሜትር ብለን እንያዝ። አንድ እርምጃ 75 ሳንቲ ሜትር ቢሆን 13,300 እርምጃ ገደማ ነው፤ እያንዳንዱ እግር 6,650 ጊዜ ይነሳል ማለት ነው። አሁን ካለህ ጫማ በ150 ግራም የሚያንስ ብትገዛ አንዱ እግርህ ብቻ በአንድ ዙር ውስጥ የሚያነሳው ወደ 1,000 ኪሎ ግራም ይቀንስለታል። አሥር ኩንታል ነው! በሯጮች ላይ በተደረጉ መለኪያዎችም በእያንዳንዱ ጫማ ላይ 100 ግራም ሲጨመር የሰውነት የኃይል ፍጆታ በ1 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር ታይቷል። መቶኛው ትንሽ ይመስላል፤ ለአራትና ለአምስት ሰዓት ሲቀጥል ግን ጭንና ባት ያውቁታል።

ስንት ግራም ላልከው፣ ለአንድ ጫማ በእኔ አከፋፈል ከ300 ግራም በታች በጣም ቀላል፣ ከ300 እስከ 380 ለእግረኛ ተጫዋች ትክክለኛው ክልል፣ ከ450 በላይ ከባድ ነው። ወፍራም ቆዳና ተነቃይ ታኬታ ያላቸው የድሮ ጫማዎች አብዛኞቹ ከ450 ይበልጣሉ። ልብ በል፣ አምራቾች የሚጽፉት የአንድን ጫማ ክብደት ነው፤ ያውም በአንድ መነሻ ቁጥር የተለካ። አንተ ከዚያ ቁጥር በሁለት የምትበልጥ ከሆነ የምትገዛው ጫማ ከተጻፈው ይከብዳል። በማእድ ቤት ሚዛን ራስህ መዝነው።

አሁን ዋናው ነገር፦ ክብደቱ ከየት ላይ እንደተቀነሰ እወቅ። ከላይኛው ክፍል ከተቀነሰ፣ ማለትም ቆዳው በስስ ሰው ሠራሽ ቁስ ወይም በመረብ ጨርቅ ከተተካ፣ ብዙም አይጎዳህም። መካከለኛው ሶል ከከባድ ጎማ ወደ ኢቪኤ ስፖንጅ ከተቀየረም ጥሩ ነው። ክብደቱ የተቀነሰው ታኬታዎቹን ከሚሸከመው ጠንካራ የታችኛው ሰሌዳ ወይም ተረከዝ ከሚይዘው የኋላ ክፍል ከሆነ ግን ተወው። ሰሌዳው ሲሳሳ ደረቅና ጠንካራ መሬት ላይ እያንዳንዱ ታኬታ ከሥር እንደ ጠጠር ይገፋሃል፤ የእግርህ ማቃጠል አንዱ ምክንያት ይኸው ሊሆን ይችላል። የድሮው ጫማህ ሰሌዳ ወፍራም ቢሆንም በላዩ ያለው ስፖንጅ በጊዜ ብዛት ተደፍጥጦ ካለቀ ውጤቱ አንድ ነው። የውስጥ ንጣፉን አውጥተህ ከጣቶች ሥር የሚያርፈውን ቦታ በአውራ ጣትህ ተጫን፤ ከዳሩ ይልቅ ከሳሳና ተጭኖ የማይመለስ ከሆነ አልቋል።

ሱቅ ውስጥ ሳትለብሰው በእጅህ አራት ነገር ፈትን። ጫማውን አፍንጫውና ተረከዙ ላይ ይዘህ እጠፈው፤ መታጠፍ ያለበት ጣቶች በሚጀምሩበት ቦታ ላይ ነው። መሃሉ ላይ ከታጠፈ የእግርህ ቅስት ቀኑን ሙሉ የጫማውን ሥራ ይሠራል። ቀጥሎ እንደ እርጥብ ልብስ ጠምዝዘው፤ ትንሽ መጠምዘዝ አለበት፣ እንደ ጨርቅ ከተጠመዘዘ ግን ስዊንግ ላይ፣ ማለትም ዱላውን ወዝውዘህ ስትመታ፣ አይደግፍህም። ሦስተኛ፣ የተረከዙን ጀርባ በሁለት ጣት ቆንጥጠው፤ በቀላሉ ከተጨማደደ ተረከዝህን አይይዝም። አራተኛ፣ ተረከዝ ሥር ያለውን ስፖንጅ ከጎን ተጫነው። ጣትህ ያለ ትግል ከገባ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሆሎች ደመና ላይ የቆምክ ይመስልሃል፣ ከዚያ ወዲያ ግን ለቁርጭምጭሚትህ ድካም ነው።

የሩጫ ጫማን በተመለከተ፦ ለመሄድ ይመቻል፣ ለመምታት አይሆንም። የሩጫ ጫማ የተሠራው ወደፊት ብቻ ለሚሄድ እግር ነው። ስዊንግ ላይ ደግሞ ክብደትህ ወደ ጎን ነው የሚሄደው፤ ቀኝ እጅ ከሆንክ ሲጨረስ አብዛኛው ክብደትህ የግራ እግርህ የውጭ ዳር ላይ ያርፋል። ከፍ ያለና ለስላሳ ስፖንጅ ላይ ቆመህ ይህን ስታደርግ እግርህ ከሶሉ ዳር ተንከባሎ ለመውጣት ይሞክራል። የጎልፍ ጫማ ሶል ሰፋ ብሎ ከላይኛው ክፍል ወጣ የሚለው፣ የውጭ ጎኑም በጠንካራ ቁስ የሚታጠረው ለዚህ ነው። ለመፈተን ጫማውን ልበሰውና ያለ ዱላ ቀስ ብለህ ስዊንግ አድርግ፤ መጨረሻው ላይ ለሦስት ሰከንድ ቁም። የግራ እግርህ ትንሿ ጣት በጨርቁ ላይ ወደ ውጭ ከተገፋች ጫማው ለአንተ ጠባብ ወይም ልል ነው።

ፎርማና_መርፌ

ከላይ የተባለው ሁሉ ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ልክ ነው፤ ተረከዝ ውሃ መቋጠርና አውራ ጣት መጋጨት በአብዛኛው የልክ ችግር ስለሆነ። ልኩ ያልሆነ 280 ግራም ጫማ ልኩ ከሆነ 400 ግራም ጫማ ይበልጥ ያደክማል፤ ጣቶች ጫማውን ለመያዝ በየእርምጃው ስለሚጨመደዱ።

እግርህን ለካ። ጠዋት እንደተነሳህ አትለካ፤ እግር ቀኑን ሲቆም ሲሄድ ውሎ ያብጣል፣ 18 ሆል ሲጨርስም ያበጠ ነው። ከሰዓት በኋላ፣ የምትጫወትበትን ካልሲ አድርገህ፣ ወረቀት ከግድግዳ ጋር አስጠግተህ ተረከዝህን ግድግዳው ላይ አስነካና ቁም። ክብደትህ በሚለካው እግር ላይ ይሁን። ሌላ ሰው እርሳሱን ቀጥ አድርጎ ይዞ ይሳልልህ፤ ራስህ ጎንበስ ካልክ እግርህ ይንቀሳቀሳል፣ እርሳሱ ወደ ውስጥ ከተጋደመ ደግሞ ብዙ ሚሊ ሜትር ይሰርቅሃል። ርዝመቱን እስከ ረጅሙ ጣት ለካ፤ ረጅሙ ሁልጊዜ አውራ ጣት አይደለም፣ የብዙ ሰው ሁለተኛ ጣት ይረዝማል። ስፋቱን በሰፊው ቦታ ለካ። ሁለቱንም እግር ለካና በትልቁ ግዛ።

ከዚያ ጫማው ውስጥ ያለውን ንጣፍ አውጣና ቆመህበት እይ። ከዚህ የተሻለ መለኪያ የለም። ከረጅሙ ጣትህ ፊት 10 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ የአንድ አውራ ጣት ስፋት ያህል፣ ባዶ መቅረት አለበት። እግርህ በጎን ከንጣፉ ከፈሰሰ ጫማው ጠቦሃል፤ ቁጥር ብትጨምር ርዝመቱ እንጂ የፎርማው፣ ማለትም ጫማው የተሠራበት የእግር ቅርጽ፣ ስፋት ብዙ አይለወጥም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ እግሩ ሰፊ ስለሆነ አንድ ቁጥር ይጨምራል፣ ተረከዙ ይለቀዋል፣ ተረከዙ ሲለቀው ቁልቁለት ላይ እግሩ ወደፊት ይንሸራተታል፣ አውራ ጣቱ ይጋጫል፣ ጥፍሩም ይጠቁራል። ከዚያ «ጫማው አጥሮኛል» ብሎ ሌላ ቁጥር ይጨምራል። የአንተም ችግር ከዚህ አይርቅም ብዬ እገምታለሁ፤ ተረከዝህና አውራ ጣትህ አንድ ላይ መታመማቸው ምልክት ነው።

መፍትሔው ስፋቱን መግዛት ነው። የወንድ መደበኛ ስፋት ብዙውን ጊዜ በዲ ይጻፋል፣ ሰፊው ባለ ሁለት ኢ፣ በጣም ሰፊው ባለ አራት ኢ ነው። የሴት መደበኛ ቢ ነው። እህቶች የወንድ ጫማ በትንሽ ቁጥር ስትገዙ ርዝመቱ ሊስማማችሁ ይችላል፤ የወንዱ ፎርማ ተረከዙ ላይ ሰፋ ስለሚል ግን እርምጃ በተራመዳችሁ ቁጥር ተረከዛችሁ ይወጣል። ፊቱ ሰፊ ተረከዙ ጠባብ የሆነ እግር ያላችሁ የሴት ፎርማን በሰፊ ስፋት ፈልጉ።

ለብሰህ ስትፈትን ደረጃ ወይም ተዳፋት ፈልግና ውረድ። ከሌለ የጫማህን አፍንጫ ወለሉ ላይ ሦስት ጊዜ ምታ፤ በሦስተኛው ጣትህ ከነካ ወይ አጥሯል ወይ ከላይ አልያዘህም። ክሩን አጥብቀህ እንደገና ሞክር፤ አሁን ካልነካ ችግሩ አያያዙ ላይ ነበር።

ክር አስተሳሰር ላይ አንድ ዘዴ አለ፣ ምንም ወጪ የለውም። የላይኛዋ ትርፍ ቀዳዳ በየጎኑ አለች፤ ብዙ ሰው ባዶ ይተዋታል። ክሩን በዚያው ጎን ከታችኛዋ ቀዳዳ ወደ ላይኛዋ አስገባና ትንሽ ቀለበት ሥራ፤ በሌላውም ጎን እንዲሁ። ከዚያ የቀኙን ክር በግራው ቀለበት፣ የግራውን በቀኙ አሳልፈህ ወደ ታችና ወደ ኋላ ሳበው፣ እሰረው። ተረከዝ ጥብቅ ብሎ ወደ ኋላ ይቀመጣል። የእግርህ ጀርባ ከፍ ያለ ሆኖ ክሩ መሃል ላይ የሚያሳምምህ ከሆነ ደግሞ በሚያመው ቦታ ላይ አንዱን መሻገሪያ ዝለለው፤ ክሩ በዚያ ጋ ሳይሻገር በየጎኑ ቀጥ ብሎ ይውጣ።

ቆዳ በጎን ይለጠጣል፣ በርዝመት አይለጠጥም። ሰው ሠራሹ ደግሞ በምንም በኩል ብዙ አይለጠጥም። ስለዚህ «ሲለመድ ይሰፋል» የሚለውን ተስፋ ለቀላል ጫማ አትጠቀም፤ የመጀመሪያው ቀን ካልተመቸ ሃያኛውም ቀን አይመችም። ቤት ውስጥ ምንጣፍ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ተራመድበት፤ ሶሉ ስለማይቆሽሽ መመለስ ትችላለህ።

ጭቃና_ተዳፋት

ስለ ታኬታ የተባለ ነገር ስለሌለ እኔ ልመልስ።

ታኬታ የሌለው ጫማ የሚባለው ባዶ ሶል አይደለም፤ ከሶሉ ጋር አብረው የተሠሩ ብዙ ትንንሽ የጎማ ወይም የቲፒዩ (የሚተጣጠፍ ፕላስቲክ) ጥርሶች አሉት። ሰው ሁሉ የወደደው አሜሪካዊው የጎልፍ ተጫዋች ፍሬድ ካፕልስ በ2010 እ.ኤ.አ. በማስተርስ ውድድር ላይ እንዲህ ዓይነት ጫማ አድርጎ ከታየ ወዲህ ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው፦ ይቀላል፣ ሶሉ ዝቅ ያለ ነው፣ የእግር ጫና በብዙ ጥርስ ላይ ስለሚከፋፈል ደረቅ መሬትና አስፋልት መተላለፊያ ላይ አይገፋም። ሜዳው ደረቅና ሜዳማ ለሆነ ሰው ሌላ አልመክርም።

አንተ ግን ጠዋት፣ ጤዛ፣ አቀበትና ቁልቁለት ብለሃል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሁኔታ ተነቃይ ታኬታ ያለውን ቀላል ጫማ እመርጣለሁ። የሚያንሸራትተው ስዊንጉ ብቻ አይደለም፤ እርጥብ ቁልቁለት ላይ ጋሪ ይዘህ ስትወርድ ጋሪው ይጎትትሃል፣ ተረከዝህ ሣሩ ላይ ካልተከለ አደጋ ነው። አሁን የሚሠሩት ታኬታዎች ለስላሳ ፕላስቲክ ናቸው፤ እንደ ሸረሪት እግር ተዘርግተው ሣሩን ይቆነጥጣሉ፣ የብረቱን ያህል ግሪን አይቦድሱም። ብረት ታኬታን ብዙ ሜዳዎች ከልክለውታል፣ አትግዛ።

ስትመርጥ የታኬታዎቹን ብዛት ብቻ አትቁጠር። በአንድ ጫማ ከ6 እስከ 9 ይኖራሉ፤ አቀማመጣቸው ይበልጣል። ወደ ዳር የተቀመጡ፣ አንዱ ከአውራ ጣት ሥር፣ አንዱ ከትንሿ ጣት ሥር፣ ተረከዝ ላይ ቢያንስ ሁለት። ልክ ከጣቶች መነሻ አጥንት ሥር መሃል ላይ የተተከለ ታኬታ ካለ እሱ ነው በ12ኛው ሆል የሚያቃጥልህ። በመካከላቸው ያለው ክፍተትም ሰፊ ይሁን፤ ጠባብ ከሆነ የታጨደ ሣርና ጭቃ ተጠቅጥቆ ሶሉን ለስላሳ ያደርገዋል። ጭቃ የተሸከመ ጫማ ሚዛን ላይ ሲወጣ የቀላልነቱ ነገር ያበቃል።

በእግሬ_18

እጅግ አመሰግናለሁ። የተባለውን አደረግሁ፦ የአሁኑ ጫማዬ አንዱ 520 ግራም ነው። እግሬ ግራው 268፣ ቀኙ 271 ሚሊ ሜትር። ስፋቱ ንጣፉን በሁለቱም ጎን ትንሽ ያልፋል። ጋሼ ፎርማና መርፌ እንዳሉት የለበስኩት 44 ቁጥር ነው፤ ሰፋ እንዲለኝ ብዬ ነበር የገዛሁት። ንጣፉ ላይ ስቆም ከጣቴ ፊት 20 ሚሊ ሜትር ይቀራል።

የቀረኝ የውሃው ጉዳይ ነው። መረብ ጨርቁ ይቀላል፣ ጤዛው ግን በሁለተኛው ሆል ያርሰኛል ብዬ ፈራሁ። ካልሲስ?

ፎርማና_መርፌ

እንግዲህ ተገኘ። በአውሮፓ ቁጥር አንዱ ቁጥር 6.67 ሚሊ ሜትር ነው፣ ቁጥሩም የሚለካው በፎርማው ርዝመት ነው። 42 ማለት 280 ሚሊ ሜትር ፎርማ፣ 42.5 ማለት 283 ገደማ። ትልቁ እግርህ 271 ነው፤ 10 ሲጨመርበት 281። አንተ የምትፈልገው 42 ወይም 42.5 በሰፊ ስፋት ነው፤ 44ቱ የ293 ሚሊ ሜትር ፎርማ ስለሆነ ነው ተረከዝህ የሚንሳፈፈው። ሳጥኑ ላይ በሳንቲ ሜትር የተጻፈ ቁጥር ካለ ብዙውን ጊዜ የእግሩን ርዝመት ያመለክታል፤ ለአንተ 27.5 ፈልግ። ቁጥር ከአምራች አምራች ስለሚለያይ ይህ መነሻህ ነው፣ የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው ንጣፉ ላይ መቆም ነው። ግራው እግርህ በ3 ሚሊ ሜትር ስለሚያንስ በክር አጥብቀው፤ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ልዩነት ያለው ሰው ብቻ ነው በትንሹ እግር በኩል ስስ ተጨማሪ ንጣፍ የሚያስፈልገው።

ጤዛ_በማለዳ

ውሃ የሚከለክል ጫማ በሁለት ይከፈላል። አንዱ ላይኛው ቁስ ራሱ ውሃ እንዳይመጥ በልዩ ቅብ የተዘጋጀ ነው፤ ይህ ቀለል ይላል፣ ጤዛንና ቀላል ካፊያን ይችላል፣ ስፌቱ ግን ደካማ ቦታው ነው፣ ቅቡም በጊዜ ይለቃል። ሁለተኛው ከላይኛው ቁስ ሥር እንደ ካልሲ የተሰፋ ስስ ሽፋን ያለው ነው፤ ጎርቴክስ የሚባለው ከእነዚህ አንዱ ነው። ይህ እውነተኛ ዝናብ ይችላል። ዋጋውን ግን በሙቀት ትከፍላለህ፦ ላብ በትነት መልክ ይወጣል ቢባልም የሚወጣው ቀስ ብሎ ነው፣ በሞቃት ቀን እግር ከሚያልበው ፍጥነት ጋር እኩል አይሄድም። ላብ የጠጣ ቆዳ ደግሞ ለስልሶ በቀላሉ ይላጣል። ውሃ የማያስገባ ጫማ አድርጎ ውሃ የቋጠረ እግር ይዞ የሚመለስ ሰው የሚበዛው ለዚህ ነው።

ለጠዋት ጤዛ ብቻ ከሆነ የእኔ ምክር መሃለኛው ነው፦ አፍንጫውና የጎን ዳሩ እስከ ሁለት ጣት ከፍታ ድረስ ውሃ በማያስገባ ሰው ሠራሽ ቁስ የተሸፈነ፣ ምላሱና ላይኛው ጀርባው አየር የሚያስገባ። ጤዛ የሚመታህ ከፊት ነው፤ እርምጃ በተራመድክ ቁጥር ሣሩን የሚጠርገው አፍንጫው ነው። ምላሱ ደግሞ በሁለቱም ጎን ከጫማው ጋር እስከ ላይ የተሰፋ መሆኑን እይ። ካልተሰፋ ውሃው በክሩ ሥር በምላሱ ጎን ይገባል፣ ሽፋን ያለው ጫማም ቢሆን።

ሌላ ብዙ ሰው የማያስተውለው መግቢያ አለ። ረጅም ሱሪ እርጥብ ሣር ሲነካ ጫፉ ይርሳል፣ ካልሲው ከእሱ ላይ ውሃውን ይመጣል፣ ውሃው በካልሲው ወደ ታች ይወርዳል። ከዚያ «ጫማው አፈሰሰ» ይባላል። በእውነት ማፍሰሱን ለማወቅ ጫማው ውስጥ ደረቅ የወረቀት ፎጣ ጎዝጉዝና 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ውሃ ባለበት ገበቴ ውስጥ ለ15 ደቂቃ አቁመው። ወረቀቱ ደረቅ ከሆነ ያረሰህ ላብ ወይም ካልሲ ነው።

ካልሲ፦ ጥጥን ተው። ጥጥ ውሃ ይይዛል፣ ሲርስ ይጨማደዳል፣ የተጨማደደው ቦታ ቆዳን ይፈጫል። ስስ የሜሪኖ ሱፍ ወይም የፖሊስተርና የናይለን ቅልቅል ውሰድ። አንገቱ ከጫማው አንገት ከፍ ይበል፣ ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር፤ አጭሩ ካልሲ ተንሸራቶ ተረከዝ ሥር ሲጠቀለል ነው ቁስል የሚጀምረው። ቦርሳህ ውስጥ አንድ ተለዋጭ ያዝና 9ኛውን ሆል ስትጨርስ ቀይር። ሁለት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፣ ከማንኛውም ውድ ንጣፍ ይበልጥ ይረዳል። ተረከዝህ ላይ ሞቅ ሞቅ ሲልህ ውሃ እስኪቋጥር አትጠብቅ፤ ያኔውኑ ቆዳውን አድርቀህ ፕላስተር ለጥፍበት፣ ዳርና ዳሩን ክብ አድርገህ ቁረጠው፣ ሹል ጥግ ካለው ካልሲው ይነቅለዋል።

አንድ ማሳሰቢያ፣ ይህ የጫማ ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ። የስኳር ሕመም ያለበት ወይም እግሩ የሚደነዝዘው ሰው የማቃጠል ምልክቱን ላይሰማ ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ጫማውን ከማጥለቁ በፊት እጁን አስገብቶ ጠጠር ወይም የታጠፈ ንጣፍ መኖሩን ይዳስስ፣ ከጨዋታ በኋላም እግሩን በዓይኑ ይይ። ጠዋት ከአልጋ ሲነሱ በመጀመሪያው እርምጃ ተረከዝን የሚወጋ ሕመም ካለም በጣም ዝቅ ያለና ለስላሳ ጫማ አትምረጡ፤ ተረከዙ ከጣቶች ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ከፍ ያለ፣ መሃሉ የማይታጠፍ ይሻላል። ካልተሻለ ሐኪም ይየው።

ሚዛን_አይዋሽም

ከላይ ባለው ላይ ቦአ ስለሚባለው የጫማ ማሰሪያ አንድ ቃል፣ ቀላል ጫማ ላይ እየበዛ ስለመጣ። ክሩ ብዙውን ጊዜ ስስ የብረት ገመድ ነው፣ በመዞሪያ ቁልፍ ይጠብቃል። እግር በዙሩ መሃል ሲያብጥ አንድ ሁለት ጠቅታ ማላላት ይቻላል፤ በእግር ለሚጫወት ሰው እውነተኛ ጥቅም ነው። ነገር ግን ከላይ የተባለውን የተረከዝ ማሰሪያ ቀለበት በገመዱ መሥራት አይቻልም፣ አንዱን መሻገሪያ መዝለልም አይቻልም። የእግርህ ጀርባ ከፍ ያለ ከሆነ ወይም ተረከዝህ ጠባብ ከሆነ ተራው ክር ይሻልሃል። በአንተ ሁኔታ ባለ ክሩን እመርጣለሁ።

ጭቃና_ተዳፋት

ታኬታ ያለውን ከገዛህ አያያዙን ከመጀመሪያው ቀን ጀምር።

ታኬታዎቹ በየ15 ወይም 20 ዙሩ ይቀየራሉ፤ አስፋልትና ጠጠር መንገድ ላይ የሚሄድ ሰው ከዚያም ቶሎ። እግሮቻቸው ወደ ግማሽ ሲያልቁ ወይም መሃላቸው ያለው የቀለም ምልክት ሲጠፋ ጊዜው ነው። አዲስ ስትገዛ የመግቢያው ዓይነት ከጫማህ ጋር መመሳሰሉን አረጋግጥ፤ የብረት ጥርስ ያለው፣ በሩብ ዙር የሚቆለፍ ፕላስቲክ፣ ሌላም አለ፣ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። ሳታውቅ ከመግዛት አንዱን ፈትተህ ይዘህ ሂድ።

አፈታቱ፦ በመጀመሪያ ጭቃውን በብሩሽና በውሃ አጽዳ፣ የታኬታው ሁለት ትንንሽ ቀዳዳዎች እስኪታዩ። ባለ ሁለት ጥርሱን መፍቻ ቀጥ አድርገህ ተከል፣ ከላይ በክብደትህ እየተጫንክ ወደ ግራ አዙር። ሳትጫን ካዞርክ መፍቻው ይንሸራተትና ቀዳዳዎቹን ይበላቸዋል። አልፈታ ካለ ሶሉን ሞቅ ባለ ውሃ ውስጥ ለ10 ደቂቃ ንከረውና እንደገና ሞክር። ቀዳዳው ከተበላ በአፈ ቀጭን ፒንሳ ዳርና ዳሩን ይዘህ አዙር፤ በካቻቢቴ ፈልፍለህ ለማውጣት አትሞክር፣ መግቢያው ከተሰነጠቀ ጫማው አበቃለት። አዲሱን ስታስገባ በእጅህ ጀምር፣ ከዚያ በመፍቻው እስኪቆለፍ አዙር። ሁሉንም አንድ ላይ ቀይር፤ አዲስና አሮጌ ከተቀላቀለ እግርህ ወዲያና ወዲህ ያዘነብላል።

ታኬታ የሌለው ከገዛህ ይህ ሁሉ የለብህም፣ ግን ጥርሶቹ ሲያልቁ የሚቀየር ነገር የለም። ከጣቶች ሥር ያሉት ቀድመው ያልቃሉ፤ ከመሃሉ ጋር አወዳድርና እይ።

ፎርማና_መርፌ

ማድረቅን ጨምርበት። ቀላል ጫማ በአብዛኛው በማስቲሽ የተጣበቀ እንጂ የተሰፋ አይደለም። ፀሐይ ላይ ካሰጣኸው፣ ማሞቂያ አጠገብ ካቆምከው ወይም በተዘጋ መኪና ኮፈን ውስጥ ከተውከው ማስቲሹ ይለቃል፣ ሶሉ ከአፍንጫው ይጀምርና ይከፈታል፣ ኢቪኤውም ይኮማተራል። ንጣፉን አውጣ፣ ክሩን አላላ፣ ምላሱን ወደፊት ሳብ፣ ጋዜጣ ጠቅጥቀህ ጥላ ያለበት ንፋሻማ ቦታ አስቀምጥ፤ ጋዜጣው ሲርስ ቀይረው። ለሁለት ቀን ተከታትለህ የምትጫወት ከሆነ ሁለት ጥንድ ይኑርህ፤ ስፖንጁ ደርቆ ወደ ቁመቱ ለመመለስ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ይፈልጋል። ልብስ ማጠቢያ ማሽን ውስጥም አትክተተው።

ደግሞ በቅናሽ የሚሸጥ፣ ዓመታት መደርደሪያ ላይ የቆየ ጫማ ስታገኝ ሶሉ ከምን እንደተሠራ ጠይቅ። ፖሊዩሪቴን የሚባለው ስፖንጅ ባይለበስም በአየር እርጥበት ብቻ ውስጡ ይበሰብሳል፤ ከውጭ አዲስ ይመስላል፣ ሜዳ ላይ ስትወጣበት እንደ ደረቅ ኬክ ይፈረፈራል። በአውራ ጣትህ ጎኑን ተጫነው፤ ስንጥቅ ካሳየ ወይም ጣትህ ላይ ዱቄት ከቀረ መልሰህ አስቀምጠው።

በእግሬ_18

ተገነዘብኩ። 42 እና 42.5 በባለ ሁለት ኢ ስፋት፣ ከ380 ግራም ያልበለጠ፣ ታኬታው ወደ ዳር የተተከለ፣ አፍንጫው ውሃ የማያስገባ፣ ባለ ክር። ሁለቱንም ቁጥር ከሰዓት በኋላ በጨዋታ ካልሲዬ እለብሳለሁ፣ ንጣፋቸው ላይ ቆሜም አያለሁ። እስከዚያው የአሁኑን ጫማ በተረከዝ ቀለበቱ አስሬዋለሁ፤ ደረጃ ስወርድ አውራ ጣቴ አልነካም።